ካምፐሩ ከመተኛቱ በፊት ውሃው ይውጣ

ዴንቨር በከፍታ ከአዲስ አበባ ታንሳለች። እሷ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስትቀመጥ አዲስ አበባ 2,300ን አልፋ ሄዳለች። ይህን ስናገር ብዙ ደንበኞቼ «ታዲያ ይሄ ሁሉ ብርድ ከየት መጣ?» ይሉኛል። የመጣው ከምድር ወገብ ከመራቋ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቃለች፤ ዴንቨር 40 ልትሞላ ምንም አልቀራት። በዚያ ላይ ከካናዳ የሚነሳውን ቀዝቃዛ አየር መንገድ ላይ የሚያቆመው ነገር የለም፤ ሜዳውን ይዞ ሽምጥ ይጋልባል። የደብረ ብርሃን ውርጭ ክፉ ነው፣ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይሸነፋል። የዚህኛው ብርድ ፀሐይ እያየችው ቀኑን ሙሉ ከዜሮ በታች ይውላል፤ ሲብስበትም ሳምንት ይሰነብታል።

ቀጠሮም አያከብርም። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ 30 ቀን ከተማዋ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሳ ነበር። ጳጉሜን 3 ቀን በረዶ ጣለ። አገር ቤት ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው እያሉ በሚቦርቁበት ቀን፣ እዚህ ትናንት በካናቴራ የዋለው ሰው ካፖርት ፍለጋ ቁም ሣጥን ይበረብር ነበር። ካምፐር ያለው ሰው ጭንቀቱ ሌላ ነው። ውስጡ ውሃ አለ።

እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ ነው፤ ጎሚቶ እያሰርኩ፣ ሳራቺኔስካ እየቀየርኩ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሮቶ እያጠብኩ። አሁን የምኖረው ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሰው ቤት እሠራለሁ፤ ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ ግን ቅዳሜና እሑዴ የካምፐር ነው። ለማያውቀው፣ ካምፐር ማለት በፒክአፕ የሚጎተት ወይም የራሱ ሞተር ያለው ትንሽ ቤት ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ሻወር፣ ሽንት ቤት፣ ሁሉም አለው። ከኮቪድ ወዲህ ገበያው ደርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ የሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች ወደ 600 ሺህ ያህል አስረክበዋል። እኔ በማውቃቸው የሀበሻ ግቢዎችም ከሚኒቫኑ ጎን ካምፐር ቆሞ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል።

ካምፐር የተሠራው ለሙቀት ወራት ነው። ግድግዳው ስስ ነው፤ ወለሉ መሬት አይነካም፣ ከላይም ከታችም ነፋስ ያገኘዋል። የሰው ቤት ማሞቂያው ስለማይጠፋ መስመሩ ውስጥ ያለው ውሃ አይረጋም። ቆሞ የሚከርም ካምፐር ግን ውጭው ከዜሮ በታች 15 ሲሆን፣ ጥቂት ሰዓት ይፍጅ እንጂ ውስጡም ያው ነው።

ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፍሪዘር ውስጥ ቢራ ረስቶ ያደረ ሰው ይህን ከጠርሙሱ ስብርባሪ ተምሮታል። በቧንቧ መስመር ውስጥ ግን ነገሩ ተንኮል አለው። ብዙ ጊዜ መስመሩ የሚፈነዳው በረዶው በተጋገረበት ቦታ ላይ አይደለም። በረዶው መስመሩን ይደፍንና እያደገ ሲሄድ፣ ከፊቱ ያለውን ገና ያልረጋ ውሃ ወደ ተዘጋው ቧንቧ ይገፋዋል። ውሃ ሲጫኑት እሺ ብሎ አይጨመቅም። ግፊቱ መውጫ ሲያጣ ደካማውን ቦታ ራሱ ፈልጎ ያገኛል።

ዛሬ ካምፐር ላይ የሚዘረጋው መስመር በአብዛኛው ፔክስ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ፔክስ መለጠጥ ይችላል፤ አንዳንዴም ረግቶ፣ ሟሙቶ፣ ምንም ሳይሆን ያልፋል። ይህን የሰማ ሰው «የኔ ፔክስ ነው፣ አይፈነዳም» ብሎ ይተኛል። ቱቦው ባይፈነዳ ጎሚቶው ይሰነጠቃል። የፓምፑ ራስ አለ፣ የማጣሪያው ቤት አለ፣ የሽንት ቤቱ ቫልቭ አለ፣ የሻወሩ ማደባለቂያ አለ፤ አንዳቸውም አይለጠጡም። ጉዳቱ የሚከብደው ዕቃዎቹ ውድ ሆነው አይደለም። ስንጥቁ በበረዶው ወራት አይታይም። ሚያዝያ ላይ ውሃ ሲከፈት ከአልጋ ሥር፣ ከግድግዳ ጀርባ መንጠባጠብ ይጀምራል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ወለሉ እግሩ ሥር ሲለሰልስ ነው። ያን ጊዜ የሚጠራው የቧንቧ ሠራተኛ ሳይሆን አናጢ ነው፣ ሂሳቡም የአናጢ ሂሳብ ነው።

ኤርፖርት ሰው የሚያመላልሱ አንድ ጋሼ ደንበኛዬ ናቸው። እቃዬን ዘርግቼ ሥራ ስጀምር ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ይሄን ሁሉ ጣጣ ትተን ማሞቂያውን ከፍቼ ብተወውስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ሲሊንደር ጋዝ ስንት ጊዜ የሚቆይልዎት ይመስልዎታል?»

«ወር አያቆየኝም?»

ቁጭ ብለን አሰላነው። የተለመደው 9 ኪሎ ሲሊንደር የሚሰጠው ሙቀት 430 ሺህ ቢቲዩ ገደማ ነው። የሳቸው ማሞቂያ ሲነድ በሰዓት 30 ሺህ ይበላል። ሳያቋርጥ ቢነድ 14 ሰዓት ነው። እየጠፋ እየበራ ስለሚሠራ ከዚያ ይረዝማል፤ ግን ሙቀቱን የሚነፋው ማራገቢያ በባትሪ ነው የሚሠራው፣ ባትሪው ሲያልቅ ጋዝ ቢኖርም ማሞቂያው ይቆማል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሼ ኤርፖርት ናቸው።

«በል አውጣልኝ» አሉ።

ሻጮች «ለአራቱም ወቅት የተሠራ» የሚሉት ካምፐርም ከዚህ አያመልጥም። ሆዱ የተሸፈነ፣ ታንኮቹ ሙቅ አየር የሚያገኙ ይሆናል፤ ሙቀቱ የሚመጣው ግን ከዚያው ማሞቂያ ነው። ሰው ተኝቶበት ማሞቂያው ሲሠራ እውነት ነው። ግቢ ውስጥ ተቆልፎ ሲቆም ከሌላው አይለይም።

ሥራው ሲጠቀለል ሁለት ነገር ነው፤ ውሃውን ማስወጣት፣ አልወጣም ያለውን ደግሞ በማይረጋ ነገር መተካት። የመጀመሪያውን ሰው ሁሉ ይሠራዋል። ሂሳብ የሚያመጣው ሁለተኛው ነው።

ታንኮቹ ላይ ብዙ አልቆይም። ሦስት ናቸው። አንዱ የንጹህ ውሃ ነው፤ ግራጫው የእጅና የሰውነት መታጠቢያውን፣ ጥቁሩ የሽንት ቤቱን ይቀበላል። ጥቁሩና ግራጫው የሚደፉት በካምፕ ቦታዎች ለዚሁ በተሠራው ማስወገጃ ብቻ ነው፣ የመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ፈጽሞ አይደለም። ጥቁሩ ይቀድማል፣ ግራጫው ይከተላል፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን አጥቦ ይወጣል። ንጹሁን ከሥሩ ከፍታችሁ ልቀቁት። ቀጥሎ ከወለሉ ሥር ጎን ለጎን ብቅ ያሉትን ሁለት አጫጭር ቱቦዎች ፈልጉ። የሙቁና የቀዝቃዛው መስመር ዝቅተኛ ጫፎች ናቸው። ክዳናቸውን ፍቱና ገብታችሁ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ክፈቱ፤ ከላይ አየር ካልገባ ከታች ውሃ አይወጣም።

ቦይለሩ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ብዙውን ውሃ የያዘውም ሰው የሚያቃጥለውም እሱ ነው። አነስተኛው 6 ጋሎን፣ ማለትም 23 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ትልልቆቹ 10 ጋሎን። ጋዙንም ኤሌክትሪኩንም ከዋዜማው አጥፉና ውሃው ይደር። ሲቀዘቅዝ የውጭውን ውሃ ዝጉ፣ ፓምፑን አጥፉ፣ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን አስተንፍሱ። ይህን ሳያደርግ ከውጭ በኩል ያለውን መድፈኛ የሚፈታ ሰው ፍል ውሃውን ክንዱ ላይ ይቀበላል።

መድፈኛው እንደ ቦይለሩ ይለያያል። ሱበርባን የሚባለው ታንኩ ብረት ነው፤ ስለዚህ መድፈኛው ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ከማግኒዥየም የተሠራ ረጅም ዘንግ አለው። ውሃው ታንኩን መብላት ሲያምረው በቅድሚያ ይህን ዘንግ ይበላል። ደንበኞቼ ዘንጉ ተቦርቡሮ ሲወጣ «ተበላሸ!» ብለው ይደነግጣሉ። ኧረ መበላቱስ ደግ ነው፣ ሥራው እሱ ነው! ሦስት አራተኛው ካለቀ በአዲስ ይተካል። መፍቻው 1 ከ1/16 ኢንች ቡሶላ ነው። አትውድ፣ በኋላ ዶሜቲክ በሚል ስም የሚሸጠው ደግሞ ታንኩ አሉሚኒየም ነው፤ ዘንግ የለውም፣ መድፈኛው ፕላስቲክ ነው፣ 15/16 ይፈታዋል። ፕላስቲኩን ስትመልሱት ጉልበት አታሳዩት፤ ጥርሱ ይላጣል። ከሁለቱም ታንክ ሥር ጥቂት ውሃ መቅረቱ አይቀርም። ከላዩ ባዶ ቦታ ስላለው ቢረጋም አይጎዳም።

አሁን ከቦይለሩ ጀርባ ያሉትን ቫልቮች አዙሩ። አንድ ወይም ሁለት ይሆናሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ሦስት ናቸው፣ የሚደበቁትም ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ጀርባ ነው። ሦስት ከሆኑ ወደ ቦይለሩ የሚያስገባውና የሚያስወጣው ይዘጋሉ፣ መሃለኛው ይከፈታል። ያኔ በውሃው ምትክ የምትሞሉት አንቲፍሪዝ ቦይለሩን አልፎ ይሄዳል። ይህ ካልተደረገ 6 ጋሎን አንቲፍሪዝ እዚያ ገብቶ ይቀራል።

አንቲፍሪዙን በቀለሙ ብቻ አትለዩት። ለመኪና የሚሆነው በአብዛኛው ኤቲሊን ግላይኮል ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ ሰውም ውሻም ይገድላል፤ የመጠጥ ውሃ መስመር አጠገብ አይደርስም። ካምፐር የሚፈልገው ሮዙን ነው፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለበትን። በርካሽ የሚሸጥ በአልኮል የተሠራ ሮዝም አለ፤ ጋርኒሲዮኖችን ያደርቃል ስለሚባል እኔ አልገዛውም። ሁለቱም ሮዝ ስለሆኑ ጽሑፉን ማንበብ ግድ ነው።

ጽሑፉ ላይ ደግሞ ሰውን ሁሉ የሚያታልል ቁጥር አለ፤ −50። ፋራናይት ነው፣ ወደ ሴንቲግሬድ ሲመለስ −45 ገደማ ይሆናል። ሰው ሲያነበው እስከዚያ ድረስ የማይረጋ ይመስለዋል። አይደለም። ያ ፈሳሽ ከ−10 ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ መወፈርና ገንፎ መሆን ይጀምራል። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ መፈንዳት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቢወፍርም መስመር የሚቀድድ ጠጣር አይሆንም ማለት ነው። ይህም የሚሠራው ሳይቀጥን ነው። መስመር ውስጥ የቀረ ውሃ አንቲፍሪዙን ያቀጥነዋል፣ የቀጠነው ደግሞ ጄሪካኑ ላይ የተጻፈውን ቃል አይጠብቅም። ውሃው ሳይወጣ አንቲፍሪዝ የሚያፈስሱ ሰዎች ሮዝ ቀለም ያያሉ፣ ደስ ብሏቸው ይቆልፋሉ፤ ቀለም ግን መጠኑን አይናገርም። ስለዚህ እኔ ሮዝ ሲመጣ ወዲያው አልዘጋም፣ ደማቅ እስኪሆን እጠብቃለሁ።

አሞላሉ አያስቸግርም። ብዙ ካምፐር ፓምፑ አጠገብ ለዚሁ የተሠራ ትንሽ ቫልቭና ቱቦ አለው፤ ቱቦውን ጄሪካኑ ውስጥ ከትቶ ፓምፑን ማብራት ነው። ከሌለው ከታንክ ወደ ፓምፕ የሚመጣውን ቱቦ ፈትቶ በምትኩ አጭር ጎማ ማሰር። ከሥር የከፈታችኋቸውን ማፍሰሻዎችና የቦይለሩን መድፈኛ መጀመሪያ መልሱ፣ አለዚያ ገንዘባችሁ መሬት ላይ ይፈስሳል። ከዚያ በየተራ ቀዝቃዛውን፣ ቀጥሎ ሙቁን። ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ፣ ሻወር። ለመካከለኛ ካምፐር ሁለት ወይም ሦስት ጋሎን ይበቃል።

እስካሁን የጻፍኩትን መመሪያው ደብተርም ይነግራችኋል። እኔ የምጠራው ግን ብዙ ጊዜ ሰው ያላሰባቸውን ቦታዎች ለመጠገን ነው። ከውጭ ግድግዳ ላይ በትንሽ በር የተዘጋው የእግር መታጠቢያ ሻወር ቀዳሚው ነው፤ ልጆች አሸዋ የሚታጠቡበት፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ የሚረሳ። እሱም ሙቅና ቀዝቃዛ አለው፣ ሁለቱም ሮዝ እስኪሆን ይከፈታሉ። ሽንት ቤቱን ስትረግጡ ውሃ የሚለቀው ቫልቭ አለ፤ ጎኑ ላይ የእጅ መርጫ ካለውም እሱ ራሱን የቻለ መስመር ነው። የውሃ ማጣሪያው ልቡ ይወጣል፣ ቤቱ ባዶውን ይከርማል። ፓምፑ መግቢያ ላይ ቆሻሻ የምትይዝ ትንሽ ብልቃጥ አለች፤ ፈትታችሁ አጽዷት። ፍሪጁ በረዶ የሚሠራ ከሆነ ወይም ልብስ ማጠቢያ ካለ እነሱም መስመር አላቸው።

ከሁሉ የሚረሳው ግን የከተማ ውሃ ጎማ የሚታሰርበት አፍ ነው። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትከለክል ትንሽ የፕላስቲክ ቫልቭ ውስጡ አለች፤ ከእሷ ጀርባ ያለው ውሃ በራሱ የትም አይሄድም። መስመሩ በአንቲፍሪዝ ከተሞላ በኋላ ፓምፑን አጥፉ፣ አንድ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን ቀንሱ፣ ወንፊቷን አውጡና በካቻቢቴ ጫፍ መሃሏን ቀስ አድርጋችሁ ተጫኗት። ሮዝ ሲረጭ አበቃ። ፊታችሁን ግን ፈቀቅ አድርጉ። በመጨረሻ በየማጠቢያው ሲፎን አንድ አንድ ኩባያ፣ ሽንት ቤቱም ውስጥ ጎማው እንዳይደርቅ ትንሽ ጨምሩ።

በኮምፕሬሰር አየር መንፋትን የሚመርጡ አሉ፣ አልነቅፋቸውም። መስመሩ ሮዝ ፈሳሽ አይገባበትም፣ ሲመለስም ማጠብ አያደክምም። የአየሩ ግፊት ግን ከ40 ፒኤስአይ እንዳይበልጥ ይስተካከል፤ የመኪና ጎማ መሙያ አለኝ ብሎ 100 የሚለቅ ሰው በረዶው የሚሠራውን በራሱ እጅ ይሠራል። አየር ረገብ ብሎ በተንጠለጠለ ቱቦ ሆድ ውስጥ ያለውን ውሃ አልፎት ይሄዳል፣ ፓምፑንም አያደርቅም። ስለዚህ እኔ ስችል ሁለቱንም አደርጋለሁ፤ በአየር ነፍቼ በአንቲፍሪዝ እዘጋለሁ።

መቼ? ዴንቨር የመጀመሪያውን ውርጭ በአማካይ የምታየው በመስከረም መጨረሻ ሳምንት ነው። 3,100 ሜትር ላይ ወዳለችው ሊድቪል ለመውጣት ያሰበ ሰው ያን ቀን አይጠብቅ። አንድ ሌሊት ዜሮ ስለነካ ብቻ መስመር አይፈነዳም፤ ከዜሮ በታች ወርዶ ሰዓታት ሲቆይ ነው የሚያሰጋው። «ጥቅምት ላይ አንድ ጉዞ ቀርቶናል» ለሚሉኝም መልስ አለኝ፤ መስመሩ ተዘግቶም ካምፐር ይታደርበታል። የሚጠጣውና ሽንት ቤቱን የሚያጥበው ውሃ በጄሪካን ይሂድ፤ በጥቅምት አንድ አጥንት ያለው ሰው እሳቱ ዳር እንጂ ሻወር ውስጥ መቀመጥ አያምረውም።

በረዶው ሲያልፍ መስመሩ በንጹህ ውሃ ይታጠባል፣ ሮዙ እስኪጠፋ። ከዚያ በረኪና፤ ለ15 ጋሎን ታንክ ሩብ ኩባያ ሽታ የሌለው። በየቧንቧው እስኪሸት አሂዱት፣ ይደር፣ ሽታው እስኪለቅ አጥቡት። ጀበና የሚጣደው ከዚያ በኋላ ነው።

ቦይለሩ ግን ገና አልተመለሰም። ሚያዝያ ላይ አንዲት እህታችን ደውላ «ሙቁን ስከፍተው ቀዝቃዛ ነው የሚመጣው፣ ቦይለሩ ሞቷል መሰለኝ» አለችኝ።

«ማብሪያውን ነክተሽዋል?»

«የጋዙን ልሞክር ነበር። የኤሌክትሪኩም አለ።»

«ሁለቱንም አትንኪ። ታንኩ ባዶ ነው። የኤሌክትሪኩን ካበራሽው ማሞቂያው ዘንግ ወዲያው ይቃጠላል። የአልጋውን ሰሌዳ አንሺው እስቲ።»

ስታንኳኳ ይሰማኛል። «ሦስት እጀታ አለ።»

«መሃለኛውን ዝጊ፣ ሁለቱን ክፈቺ። ከዚያ የሙቁን ቧንቧ ከፍተሽ ጠብቂ። መጀመሪያ አየር ይተፋል። ሳይቆራረጥ ውሃ ሲወርድ ብቻ ነው የምታበሪው።»